ጥያቄና መልስ፦ ሚኒሶታ ግሩፕ ሆም ውስጥ ክላይንት ሲበደል ብናይ

ሰላም ለሁላችሁ። ሚኒሶታ ውስጥ በአዋቂዎች ፎስተር ኬርና በግሩፕ ሆም፣ ማለትም አካል ጉዳተኞች እየተረዱ በሚኖሩባቸው ቤቶች፣ 19 ዓመት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ በማታ ሺፍት፣ አሁን በሱፐርቫይዘርነት። የእኛ ሰው እዚህ ሥራ ላይ ብዙ ስለሆነ ዛሬ ጠይቁኝ ብያለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ይህን ያዙልኝ። ክላይንት፣ ማለትም የምትረዱት ነዋሪ፣ ተበድሏል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ራሳችሁ ደውሉ። የስቴቱ የአዋቂዎች በደል ጥቆማ መቀበያ ቁጥር 1-844-880-1574 ነው። ሌት ተቀን ይሠራል። አሁኑኑ አደጋ ላይ ያለ ሰው ካለ ግን መጀመሪያ 911።

አዲስ ገቢ፦ እትዬ፣ ሥራ ቦታ አንድ ደስ የማይል ነገር አይቻለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ምን አየህ? በማን ላይ? መቼ? እንዲህ ተድበስብሶ ከመጣ ምንም ልልህ አልችልም። በደንብ ጽፈህ ተመለስ።

ሴንት ፖል ነኝ፦ የኔ ክላይንት መናገር አይችልም። ከሁለት ሳምንት ወዲህ አንድ ስታፍ (ሠራተኛ) ሲገባ ይጮኻል፣ ሻወር አልገባም ብሎ ይታገላል። ሱፐርቫይዘሬ «ቢሄቪየር ነው»፣ የባሕርይ ችግር ብቻ ነው አለችኝ። አጉል ተጠራጣሪ ሆኜ ይሆን?

መልስ፦ አልሆንሽም፣ እህቴ። ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር።

አፍ የሌለው ሰው በገላው ነው የሚናገረው። በፊት ሻወር ይወድ የነበረ ሰው ድንገት ሲጠላ፣ አንድን ሰው ብቻ ሲፈራ፣ ምግብ ሲተው፣ አልጋ ማርጠብ ሲጀምር እየነገረን ነው። ሕመምም ሊሆን ይችላል። ጥርስ፣ ሆድ ድርቀት፣ የመድኃኒት ለውጥ። ስለዚህ ሐኪም ይየው። ግን «ቢሄቪየር» ተብሎ አይዘጋም።

ከዓመታት በፊት አንዲት ክላይንት ልብስ ስናወልቅላት ትነክሰን ነበር። እኔም ለሦስት ሳምንት ቻርት ላይ «ቢሄቪየር» ብዬ ጻፍኩ። ከብብቷ በታች የጣት አሻራ የሚመስል ሰንበር ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። እነዚያ ሦስት ሳምንታት ዛሬም ይቆጩኛል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካው ሬዲዮ ኤንፒአር ከፍትሕ ሚኒስቴር ያገኘውን መረጃ ይፋ አድርጎ ነበር። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሰው ከሰባት እጥፍ በላይ ለወሲባዊ ጥቃት ይጋለጣሉ። ስለዚህ ቀን፣ ሰዓት፣ ማን ሺፍት ላይ እንደነበረ፣ በዓይንሽ ያየሽውን ብቻ ጻፊ። ግምትሽን አትጻፊ። ማስረጃ እስክታገኚም አትጠብቂ፤ ማጣራት የአንቺ ሥራ አይደለም። ዛሬውኑ ደውዪ።

የማታ ሺፍት፦ እኔ ለማናጀሬ ነግሬያለሁ። በቂ ነው አይደል?

መልስ፦ ለማናጀር መንገር በሕጉ ይፈቀዳል። ግን መሥሪያ ቤቱ ጉዳዩን ለስቴቱ ማሳወቅ አለማሳወቁን በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ሊነግርህ ይገባል። ወረቀቱ ደርሶሃል? ካልደረሰህ ራስህ ደውል።

አባወራ፦ ይቅርታ እትዬ፣ እኔ አልስማማም። ሐበሻ ሐበሻን ለመንግሥት አሳልፎ ይሰጣል እንዴ? ሰውየው ልጆች አሉት። በአንድ ስልክ እንጀራው ይዘጋል። ጠርቶ መምከር ይሻላል።

የማታ ሺፍት፦ ወንድሜ፣ የተመታው የአንተ ልጅ ቢሆን ትመክረው ነበር?

አባወራ፦ መምታት አላልኩም። አንዳንዱ ትንሽ ቁጣ ነው። እኛም በቁጣ ነው ያደግነው።

ሴንት ፖል ነኝ፦ ክላይንት ልጅህ አይደለም። የ50 ዓመት ሰው ነው።

መልስ፦ እዚህ ላይ ልግባ። አባወራ፣ የሰው እንጀራ ማሰብህን አልጠላሁትም። ግን የተመከረው ሰው ነገም ከዚያው ክላይንት ጋር ብቻውን ያድራል። ከባድ ወይም ተደጋጋሚ በደል የተረጋገጠበት ሰው ለሰባት ዓመት ከዚህ ሥራ ይታገዳል፣ እውነት ነው። የሚወስነው ግን መርማሪው ነው። ደዋዩ አይደለም። አውቆ ዝም ያለም በሕግ ይጠየቃል። ሥራዬን አጣለሁ ብላችሁ ለምትፈሩ ደግሞ፣ ሪፖርት ባደረጋችሁ በ90 ቀን ውስጥ ቢያባርሯችሁ ወይም ሰዓታችሁን ቢቆርጡ ሕጉ ከመነሻው እንደ ብቀላ ያየዋል። አይደለም ብሎ ማስረዳት የአሠሪው ዕዳ ነው።

ቁጣን በተመለከተ፣ በዚሁ ስቴት፣ ካምብሪጅ ከተማ ውስጥ አንድ የመንግሥት ተቋም ነበር። አካል ጉዳተኞችን በእጅና በእግር ብረት ያስሩ ነበር። ቤተሰቦች ከሰሱ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በስምምነት አለቀ፣ ተቋሙም ተዘጋ። ዛሬ ሰውን ለቅጣት ወይም ስታፍ እንዲቀለው ብሎ መያዝና ማሰር ክልክል ነው። በደረት አስተኝቶ መጫን በምንም ምክንያት አይፈቀድም።

ስም የለኝም፦ ፍሪጅ መቆለፍስ?

መልስ፦ የመብት ገደብ ነው። ምክንያቱ በዚያ ሰው ዕቅድ ላይ ተጽፎ ፈቃድ ካልተገኘበት አይቻልም። «ብዙ ይበላል» ምክንያት አይሆንም።

ስም የለኝም፦ ክላይንቱ ራሱ 40 ዶላር ላበድርህ ቢለኝስ?

መልስ፦ አይቻልም።

ኤለመንታይን፦ በሰዓት ስንት ይከፍላሉ? ላይሰንስ አውጥቶ ቤት መክፈትስ?

መልስ፦ ለሌላ ቀን።

እናት፦ ልጄ ኦቲዝም አለበት። 19 ዓመቱ ነው። ግሩፕ ሆም ልናስገባው ነው። ምን ልጠይቅ?

መልስ፦ አይዞሽ። ለእሱ ብቻ የተጻፈውን ከበደል መከላከያ ዕቅድ አሳዩኝ በያቸው። ለእያንዳንዱ ነዋሪ ማዘጋጀት ግዴታቸው ነው። ከሌላ ሰው የተቀዳ መስሎ ከታየሽ እንዲያስተካክሉ ጠይቂ። ገላውን ማን እንደሚያጥበው በስም ይንገሩሽ። ሳትናገሪ ሂጂ፣ በተለይ ቅዳሜና እሑድ፣ ከእራት በኋላ። ከገባ በኋላ ባሕርዩ ቢለወጥ «ይለምዳል» ሲሉሽ አትቀበዪ። ራስሽ ደውዪ።

ሌላ አባል፦ ለሱፐርቫይዘር ከነገርኩ እኔ ነጻ ነኝ ማለት ነው?

መልስ፦ እባካችሁ ከላይ ያለውን አንብቡ። አሁን መለስኩት።

አዲስ ገቢ፦ እትዬ፣ ተመለስኩ። ማክሰኞ ማታ ነው። የማታው ስታፍ ክላይንቱን በዊልቸሩ ቀበቶ እንዳሰረው ቴሌቪዥን ፊት ትቶት ተኝቷል። ጠዋት ስገባ ሽንቱ ላይ እንደተቀመጠ ነበር። እጁ አብጧል። ስታፉ የአገሬ ልጅ ነው፣ ሥራውን ያገኘልኝም እሱ ነው።

መልስ፦ ዛሬ ሐሙስ ነው። ሕጉ ወዲያውኑ ይላል፣ ቢበዛ 24 ሰዓት። አልፏል፣ ግን ከዚህ በላይ አይለፍ። ያበጠውን እጅ ዛሬውኑ ሐኪም እንዲያየው አድርግ። ከዚያ ደውል። አሁን የጻፍክልኝን እንዳለ ንገራቸው። አማርኛ ከቀለለህ አስተርጓሚ ጠይቅ። ማን ነህ ብለው ሲጠይቁህ አትፍራ፣ የጠቋሚ ስም ምስጢር ነው። ስትጨርስ እዚሁ ጻፍልኝ፣ እጠብቅሃለሁ።