በአፍህ የምትነፋው ባግፓይፕ የአፍ አይደለም

ከማንችስተር የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን አንብቤ ሳልጨርስ ነው ጥርጣሬ የገባኝ። «የስኮትላንድ ነው» ተብሎ የተሸጠልህ ያገለገለ ባግፓይፕ፣ ማለትም አየር በተሞላ ከረጢት የሚጫወተው የሙዚቃ መሣሪያ፣ ሲጀምር ደህና ይጫወታል፤ ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ይቀጥንና ይዘጋል። አሳድረኸው ስትመለስ እንደገና ይሠራል። የጣት ቀዳዳዎች ያሉበት ቧንቧ፣ ማለትም ቻንተሩ፣ ጫፉ ጭንህን ሲነካ ጭራሽ ዝም ይላል። ሦስቱ ድሮኖች፣ ማለትም አንድ ድምፅ ብቻ ሳያቋርጡ የሚያሰሙት ቧንቧዎች፣ ከአንድ እንጨት ወጥተው ጭንህ ላይ ይጋደማሉ። መንፊያው ዙሪያውን በሲሊኮን ተለጥፏል። አንድ ጠጋኝም ሪዱን፣ ማለትም አየር ሲያልፍበት እየተርገበገበ ድምፅ የሚያወጣውን ቁራጭ፣ ቀይሮልህ ጭራሽ ባሰበት።

ይህ የአየርላንዱ ኢሊያን ፓይፕ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ መንፊያውን ከአፍህ አውጣው፤ ምክንያቱን እመጣበታለሁ።

ሃይላንድ የሚባለው የስኮትላንዱ ባግፓይፕ ድሮኖች ለየብቻቸው ከከረጢቱ ወጥተው ትከሻ ላይ ይቆማሉ። ቻንተሩ ያለው ዘጠኝ ድምፅ ብቻ ነው፤ የታችኛው አፉም ክፍት ስለሆነ ከረጢቱ ውስጥ አየር እስካለ ድረስ ዝም አይልም። ያንተው ጭን ላይ ሲያርፍ ዝም ማለቱ ግን ብልሽት አይደለም። አየርላንዶች ድምፅ የሚቆርጡት፣ ወደ ሁለተኛው ኦክታቭም፣ ማለትም ያው ዜማ ቀጥኖ ወደሚሰማበት እርከን፣ የሚዘሉት በዚሁ ዘዴ ነው። ስለዚህ ቀዳዳ ላስፋ ብለህ መሰርሰሪያ እንዳታነሳ። አንድ የሚያሳስት ዘመድ አለው፤ ትንሹ የስኮትላንድ ፓይፕም ድሮኖቹን ከአንድ እንጨት ያወጣል። ሪዱን ነቅለህ ቻንተሩን ወደ ብርሃን አቅንተህ እየው። ውስጡ ከላይ ጠቦ ወደ ታች እየሰፋ ከሄደ ኢሊያን ነው፣ ከላይ እስከ ታች እኩል ከሆነ ትንሹ ስኮትላንዳዊ ነው። የሰሜን እንግሊዙ የኖርዘምበርላንድ ፓይፕ ደግሞ የታችኛው አፉ ከፋብሪካው ጀምሮ ድፍን ነው።

ኢሊያን በአፍ አይነፋም። በቀኝ ክንድ ሥር ወናፍ ይታሰራል፣ በግራው ሥር ከረጢቱ ይያዛል። ያንተው ወናፉ ጠፍቶ ነው የቀድሞው ባለቤት በቦታው መንፊያ የለጠፈበት። ሲሊኮን! ቆዳና እንጨት ላይ ሲሊኮን የሚያፈስ ሰው መሣሪያ ባይነካ ይሻላል።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሰኝ፣ የምወደው ነገር ነው። ሪድ የሚሠራው ከሸምበቆ ነው፤ ሸምበቆ ደግሞ ውኃ ይጠጣል። ከአፍህ የሚወጣው አየር ሞቃትና በእርጥበት የተሞላ ነው፤ ቀዝቃዛ ቧንቧ ሲነካ ጤዛ ይሆናል። የሃይላንድ ሪድ አጭርና ጠንካራ ነው፣ ከፍተኛ ግፊት ይፈልጋል፤ ሠሪውም እርጥበቱን አስቦ ነው የሚቀርጸው። ፓይፐሮቹ ሰልፍ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ቆየት ብለው የሚነፉትም ሪዱ እንዲለሰልስና ቅኝቱ እንዲረጋ ነው። የኢሊያን ሪድ በአንጻሩ ከንፈሩ ስስ እስኪሆን ተፍቆ ለደረቅ አየርና ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ ነው። ሲረጥብ ያብጣል፤ በሁለቱ ቅጠሎቹ መካከል ያለው ክፍተት ይጠብና ይዘጋል። ሲያድር ስለሚደርቅ ይከፈታል። ያንተ ምሥጢር ይኸው ነው። ሌሎቹ ባግፓይፖች፣ የቡልጋሪያው ጋይዳም የስፔኑ የጋሊሲያ ጋይታም በአፍ ይነፋሉ፤ ግን የጋይዳው ቻንተር ሪድ ባለ አንድ ምላስ ነው፣ የጋይታው ባለ ሁለት ቅጠል ነው። ሰዎች አገሩን ከጌጡ ለመለየት ይሞክራሉ። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው አየሩ ከየት እንደሚመጣ፣ ቀጥሎም ምን ዓይነት ሪድ እንደሚያገኝ ነው።

ወደ ሥራው። ጠጋኙ የከተተው በፓኬት የሚሸጥ ርካሽ የሃይላንድ ሪድ ይመስለኛል፤ እግሩን በክር አወፍሮ ነው ያስገባው። ጣለው። አሮጌው ሪድ ካለህ ጥላ ውስጥ ለቀናት ይድረቅ፤ የቤት ማሞቂያ ራዲያተር ላይ ካስቀመጥከው ይሰነጠቃል። የሪዱ ወገብ ላይ ያለችውን የመዳብ ማሰሪያ በፀጉር ስፋት ያህል ብቻ ነው የምታንቀሳቅሳት። ከንፈሩን በቢላ አትንካው።

ወናፍ ስትገዛ የቆዳ ቫልቩን ፈትሽ፤ አየር ማስገባት እንጂ መመለስ የለበትም። ከረጢቱን ግን አዲስ ግዛ። ቆጣቢ ነህ፣ ገብቶኛል፤ ይህኛው ላይ አትቆጥብ። እርጥብ ከረጢት ሻጋታ ያበቅላል፣ አንተ ደግሞ አፍህን ሰክተህበታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ቶራክስ የተባለው የሕክምና መጽሔት ባግፓይፕ በየቀኑ ይነፋ ስለነበረ የ61 ዓመት ሰው ጽፏል። ሳንባው ለዓመታት ታሞ ሞተ፣ ከመሣሪያው ውስጥም የተለያዩ የሻጋታ ዓይነቶች ተገኙ። ደረቅ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለብህ ለሐኪምህ ባግፓይፕ እንደምትነፋ ንገረው፤ ካልነገርከው አይጠይቅህም።

አዲሱን ከረጢት ካሰርክ በኋላ ቧንቧዎቹ የሚገቡባቸውን የከረጢቱን ቀዳዳዎች በቡሽ ደፍነህ በወናፍ ሙላውና ተጫነው። ከተነፈሰ መጀመሪያ የምትጠረጥረው መገጣጠሚያዎቹን ነው፤ ሰም የተቀባ ክር ጠምጥም፣ ሲገባ ጠበቅ ይበል እንጂ በኃይል አይግባ። ድሮኖቹን መጨረሻ ላይ ቃኝ። ትንሹ ከቻንተሩ ዝቅተኛ ድምፅ ጋር እኩል ነው፣ መካከለኛው አንድ ኦክታቭ፣ ትልቁ ሁለት ኦክታቭ ይወርዳል።

ወናፉ እስኪመጣ ድረስ «ለሙከራ ያህል» ብለህ በአፍህ እንዳትነፋው። ለአንድ ዜማም ቢሆን።