መልስ፦ የሁሉም ተማሪ የመጽሐፍ ማጠቃለያ አንድ ዓይነት ሲሆን

አራት ኪሎ የሚያስተምሩ አንድ የሰባተኛ ክፍል መምህር «ተማሪዎቼ የመጽሐፍ ማጠቃለያ ይገለባበጣሉ፤ በስድስት ደብተር ላይ ያው የፊደል ስህተት አገኘሁ፤ መጽሐፍ አይወዱም፤ ምን ላድርግ?» ብለው ለጠየቁት መልሱ ይህ ነው። ቤት የሚጻፈውን ማጠቃለያ ያቁሙት። 50 የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ይዘው ማጠቃለያ ሲያዙ አንዱ ይጽፋል፣ የቀረው ይገለብጣል። በስድስት ደብተር ላይ ያው የፊደል ስህተት የተገኘውም ለዚህ ነው። በምትኩ፦

1. ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች ለዝምታ ንባብ ይስጡ።

2. ተማሪው በደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ ቀን፣ የመጽሐፉን ስም፣ የጀመረበትንና ያቆመበትን ገጽ ይመዝግብ።

3. በዚያው ሰዓት አምስት ልጆች ጋ ለሦስት ሦስት ደቂቃ ይቀመጡ። ያቆመበትን ገጽ ገልጦ አንድ አንቀጽ በዝግታ ያንብብልዎ። ከዚያ «ይህን የሚናገረው ማነው? ምን ሆኖ ነው የተቆጣው?» ብለው ይጠይቁ። ያላነበበ እዚህ ጋ ይታወቃል፣ የሚገለብጠው ነገርም የለም። በአሥር የትምህርት ቀን ሁሉም ይዳረሳሉ።

«መጽሐፍ አይወዱም» ላሉት፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ የመጽሐፉ ክብደት ነው። መሐል ገጽ ያስገልጧቸው፤ የማያውቁት ቃል ባጋጠማቸው ቁጥር አንድ ጣት ይጠፉ። አምስቱም ጣት ካለቀ መጽሐፉ ይቀየር። አራት ኪሎ ስለሆናችሁ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በእግር የሚደረስ ነው፤ ቅዳሜ እዚያ ሄደው መርጠው እንዲመጡ ያድርጉ። የጀመሩትን መጽሐፍ 20 ገጽ ካነበቡ በኋላ መተው ይፈቀድላቸው። ይህ ፈቃድ ለማንበብ ሊያነሳሳቸው ይችላል።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ ማርክ በገጽ ብዛት አይስጡ። ገጽ ከተቆጠረ ጎበዞቹ ሳይቀሩ ቀጭንና ሥዕል የበዛበትን ይመርጣሉ፣ መዝገቡም በውሸት ይሞላል። በክፍል ውስጥ በ15 ደቂቃ ስምንት ገጽ የሚያነብ ልጅ «ማታ 90 ገጽ አነበብኩ» ብሎ ከጻፈ አይቆጡት፤ በማግስቱ ከአምስቱ አንዱ ያድርጉትና ገጽ 60ን ያስገልጡት።