የሕዝብ ግንኙነት ጉዳይ ስታጠኚ ቤተ መጻሕፍቱን እንዴት ትጠቀሚበት? ለጠየቀችን እህት የተሰጠ መልስ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ። የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ፤ የመመረቂያ ጽሑፍሽን አንድ ድርጅት በቀውስ ጊዜ ከሕዝብ ጋር በነበረው ግንኙነት ላይ መሥራት ትፈልጊያለሽ። አማካሪሽ «ከዩቲዩብና ከፌስቡክ ሳይሆን ከቤተ መጻሕፍት ምንጭ ይዘሽ ነይ» ብለውሻል፤ አንቺ ግን መደርደሪያው ላይ ያገኘሽው የንድፈ ሐሳብ መጽሐፍ ብቻ ሆነብሽ። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ነኝ፤ ሁለተኛ ዲግሪዬንም በዚሁ ዘርፍ ስለሠራሁ ጭንቀትሽ በደንብ ይገባኛል።

አማካሪሽ ልክ ናቸው። ሆኖም የምትፈልጊው ጉዳይ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ተሟልቶ ይጠብቀኛል ብለሽ አትድከሚ። የሕዝብ ግንኙነት ጉዳይ ማለት ድርጅቱ ምን ያውቅ ነበር፣ መቼ አወቀ፣ መቼስ ምን ተናገረ የሚለው ነው። ስለዚህ ንድፈ ሐሳቡን ለጊዜው አቆዪውና የቀንና የሰዓት ቅደም ተከተል አውጪ። ቤተ መጻሕፍቱ ከሁሉ በላይ የሚጠቅምሽ ለዚህ ሥራ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል ታይለኖል በተባለው የአሜሪካ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ጉዳይ ላሳይሽ። የዘርፉን መማሪያ መጽሐፍ ብትከፍቺ ይህን ታሪክ ሳታገኚ አትቀሪም። እ.ኤ.አ. በ1982 ቺካጎና አካባቢዋ ሳይናይድ የተባለ መርዝ የተጨመረበት ታይለኖል የወሰዱ ሰባት ሰዎች ሞቱ፤ አምራቹ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን 31 ሚሊዮን ያህል ጠርሙስ ከገበያ ሰበሰበ፤ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጪ ሆነበት። ብዙዎቹ መጻሕፍት «ወዲያውኑ ሰበሰበ» ብለው ያልፉታል። የዚያን ሳምንት ጋዜጦች ከመረጃ ቋት አውጥተሽ በተርታ ስታነቢ ግን ነገሩ ደረጃ በደረጃ የሄደ ሆኖ ታገኚዋለሽ። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች የሞቱት ሴፕቴምበር 29 ነው፤ መጀመሪያ የተሰበሰቡት የተወሰኑ የምርት መለያ ቁጥር ያላቸው ጠርሙሶች ብቻ ናቸው፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ይሰብሰብ የተባለው ኦክቶበር 5 ነው። ይህ የኩባንያውን በጎ ሥራ አያሳንሰውም። ነገር ግን «ወዲያውኑ» በሚለው ቃል ውስጥ ስድስት ቀን ተደብቆ ነበር፤ የአንቺ ጥናት መጀመር ያለበት እነዚያ ስድስት ቀናት ውስጥ ምን ተባለ፣ ማንስ አለው ብሎ ነው። ከመማሪያ መጽሐፉ ብቻ የገለበጠ ተማሪ ይህን አያይም።

ብትሰሚኝ ግን ታይለኖልን አልመክርሽም፤ ብዙ ሰው ሠርቶበታል። የአገራችንን ሐዘን፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302ን ተመልከቺ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2፡38 ከቦሌ የተነሳው ቦይንግ 737 ማክስ ከስድስት ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ የ157 ሰዎች ሕይወት አለፈ። በአንዱ አደጋ ሁለት ድርጅቶች ሕዝብ ፊት ቀረቡ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዋና ሥራ አስፈፃሚ በዚያው ቀን አደጋው ቦታ ላይ ተገኙ፤ አየር መንገዱ የቀሩትን የማክስ አውሮፕላኖች ከበረራ ማገዱን በማግስቱ አሳወቀ። የአውሮፕላኑ አምራች ቦይንግ ግን በአውሮፕላኑ ደኅንነት እተማመናለሁ በሚል አቋም ቆየ፤ መጋቢት 4 የአሜሪካ መንግሥት ሲያግደው እርሱም እገዳውን እንደሚደግፍ ገለጸ። የቦይንግ ዋና ሥራ አስፈፃሚ በቪዲዮ ይቅርታ የጠየቁት መጋቢት 26፣ የአገራችን መርማሪዎች የመጀመሪያ ሪፖርት ይፋ በሆነበት ዕለት ነው። ከዚህ የተሻለ የማነጻጸሪያ ጉዳይ ከየት ይመጣል?

ምንጩም ሞልቷል። የመጀመሪያው የምርመራ ሪፖርት በነጻ ይገኛል። የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት የትራንስፖርት ኮሚቴ በሴፕቴምበር 2020 ያወጣው ረጅም ሪፖርት ደግሞ የኩባንያውን የውስጥ መልእክቶች ይዟል፤ ድርጅቱ በውስጡ የሚለውንና በአደባባይ የሚናገረውን ጎን ለጎን ለማየት ይህን የመሰለ ሰነድ የለም። በዚህ ላይ የአማርኛውንና የእንግሊዝኛውን ጋዜጣ ስትጨምሪ ሰዓቱን ተጠንቀቂ። እዚህ እሑድ ጠዋት 2፡44 ሲሆን የቦይንግ ዋና መሥሪያ ቤት በነበረባት በቺካጎ ገና ቅዳሜ እኩለ ሌሊት አልሞላም ነበር። ሁለቱን የዘመን አቆጣጠርና ሁለቱን ሰዓት በአንድ ሰንጠረዥ ካላስተካከልሽ፣ ማን ቀደመ ማን ዘገየ የሚለው ፍርድሽ ሁሉ ይዛባል።

አሁን ወደ ፍለጋው። በግቢው ኔትወርክ ብቻ የሚከፈቱ የመረጃ ቋቶች አሉ፤ ዝርዝሩ ስለሚለዋወጥ የዲጂታል ላይብረሪውን ባለሙያ በአካል ሄደሽ ጠይቂ። ተማሪዎች ይህን ሰው ሳያናግሩ መመረቃቸው ያሳዝነኛል። የምርምር ጽሑፎችን የሚያስነብበውን ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባለውንም አንሺበት፤ ኢትዮጵያ በነጻ ከሚጠቀሙት አገሮች ምድብ ውስጥ ናት፤ የሚገባው ግን በተቋም በኩል ነው። ስትፈልጊ «ፐብሊክ ሪሌሽንስ» ብለሽ ብቻ አትጻፊ፤ በሺዎች የሚቆጠር የማይጠቅም ጽሑፍ ይመጣብሻል። የአደጋውን ወይም የድርጅቱን ስም ከ«ክራይሲስ ኮሙኒኬሽን» (የቀውስ ጊዜ ግንኙነት) ወይም ከ«ኢሜጅ ሪፔር» (ገጽታን መጠገን) ጋር አጣምሪ። አንድ ጥሩ ጽሑፍ ካገኘሽ በኋላ ማጣቀሻዎቹን ወደ ኋላ ተከተዪ፤ ከዚያ በጉግል ስኮላር እርሱን የጠቀሱትን አዳዲሶቹን እዪ። ከመጽሔቶች ፐብሊክ ሪሌሽንስ ሪቪውን አስቀድሚ።

ንድፈ ሐሳብ የሚመጣው ሰንጠረዡ ካለቀ በኋላ ነው። የኮሙኒኬሽን ምሁሩ ቤኖይት ድርጅቶች ገጽታቸውን ለመጠገን የሚጠቀሙባቸውን አምስት ስልቶች አስቀምጧል፤ መካድ፣ ኃላፊነትን መሸሽ፣ ጥፋቱን ማሳነስ፣ ማስተካከልና ይቅርታ መጠየቅ። ሌላው የዘርፉ ምሁር ኩምብስ ደግሞ ሕዝብ ለቀውሱ ድርጅቱን ምን ያህል ተጠያቂ ያደርገዋል ብሎ ይጠይቃል፤ ቀደም ሲል ተመሳሳይ ቀውስ የደረሰበት ድርጅት ላይ ተጠያቂነቱ እንደሚከብድም ያስረዳል። የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር አየር መንገድ ንብረት የሆነ ሌላ ቦይንግ 737 ማክስ የወደቀው ከእኛው አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ በፊት፣ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. መሆኑን ስታስቢ ኩምብስ ለቦይንግ ለምን እንደሚስማማ ራስሽ ታዪዋለሽ። ሁለቱን ንድፈ ሐሳቦች አንድ ላይ አትጫኚ፤ አንዱን መርጠሽ በደንብ ሥሪበት።

ከባሕር ዳር ሳትወጪ መሥራት ከፈለግሽ ደግሞ እምቦጭ አለልሽ፤ እኔ ልቤ ወደዚህ ያደላል። አረሙ ጣና ላይ መታየቱ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ትልቅ የማስወገድ ዘመቻ ተካሂዷል። በእነዚያ ዓመታት ለደምቢያ፣ ለጎንደር ዙሪያ፣ ለሊቦ ከምከምና ለፎገራ ገበሬና ዓሣ አስጋሪ ምን ተነገረው? ማን ነገረው? ምንስ ተስፋ ተሰጠው? ለዚህ የድሮ የበኩር ጋዜጣ እትሞችን ጠይቂ፤ የጋዜጠኝነት መደርደሪያ ላይ ብቻ ሳትቆሚ የግብርናና የባዮሎጂ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎችንም አገላብጪ። የአረሙ ሳይንሳዊ ስም ስለተለወጠ በቀድሞው አይኮርኒያ ክራሲፔስና በአሁኑ ፖንተደሪያ ክራሲፔስ በሁለቱም ፈልጊ። ከሐይቁ ዳር ሰዎች ጋር የምታደርጊው ቃለ መጠይቅ ይህን ያጠናክረዋል፤ ይህን ዕድል ቺካጎ ላይ አታገኚውም።

ጠቃሚ የመሰለሽ ጽሑፍ በክፍያ ከተዘጋብሽ ገንዘብሽን አታውጪ። ብዙውን ጊዜ ማጠቃለያው (አብስትራክቱ) አካባቢ የጸሐፊው ኢሜይል አለ፤ ማን እንደሆንሽና ለምን እንደምትፈልጊው በአጭሩ በእንግሊዝኛ ጻፊላቸው። ብዙ ተመራማሪዎች ሥራቸው ሲነበብ ደስ ስለሚላቸው ፒዲኤፉን ይልካሉ። ጉዳይሽን ስትመርጪ ሰንጠረዡን እዚሁ ለጥፊልን፤ ቀኖቹን አብረንሽ እናያለን።