ስለ ሞተር መጋዝ ለጠየቃችሁኝ

ዛፍ መቁረጥም መጋዝ መጠገንም የዕለት ሥራዬ ስለሆነ ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ። አብዛኞቹ የሞተር ጥያቄ ቢመስሉም የስለት ጥያቄዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ መጋዜን ካልተጫንኩት እንጨት ውስጥ አይገባም። ሞተሩ ደክሞ ይሆን?

ሞተሩን ከመክሰስዎ በፊት የሚወጣውን ሰጋቱራ ይዩ። የተሳለ ሰንሰለት ወፈር ያለ ፍቅፋቂ ይተፋል፤ የደነዘ ዱቄት ያበናል። ዱቄት ካዩ ክብ ሞረድ ያንሡ። የሞረዱ ውፍረት እንደ ሰንሰለቱ ዓይነት 4.0፣ 4.8 ወይም 5.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የእርስዎ የትኛው እንደሆነ መመሪያው ላይ ተጽፏል። ማዕዘኑ በብዙ ሰንሰለቶች 30 ዲግሪ ነው። ከጥርሱ ውስጥ ወደ ውጭ ብቻ ይግፉ፤ ሲመልሱ ሞረዱን ያንሡት። ለእያንዳንዱ ጥርስ የግፊቱን ቁጥር እኩል ያድርጉ።

ብዙዎች የሚረሷት ከጥርሱ ፊት ያለችውን ጉብታ ነው። ጥርሱ ምን ያህል እንደሚነክስ የምትወስነው እርሷ ናት። ጥርሱ በተሳለ ቁጥር ዝቅ ስለሚል፣ ጉብታዋም በጠፍጣፋ ሞረድ መከተል አለባት፤ ልዩነቱ በብዙ ሰንሰለቶች 0.65 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። «ይበልጥ ይንከስልኝ» ብሎ ከልክ በላይ የሚሞርዳት ሰው መጋዙን ያስደነብረዋል።

የዚህን ጥርስ ቅርጽ ያስገኘው ጆሴፍ ኮክስ የተባለ አሜሪካዊ እንጨት ቆራጭ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1946 የጢንዚዛ እጭ ግራና ቀኝ እያፈራረቀ ግንድ ሲቦረቡር ተመልክቶ። ትል ያስተማረንን እኛ በሰነፍ ሞረድ እናበላሸዋለን!

ጥያቄ፦ ቀጥ አድርጌ እየያዝኩት ወደ ጎን ይቆርጣል።

የአንዱ ጎን ጥርሶች ከሌላው አጥረዋል ወይም ደንዝዘዋል፤ መጋዙ ወደ በረታው ጎን ይሳባል። ሁሉንም ከአጭሩ ጥርስ ጋር ያስተካክሉ። ካልተሻለው ሰንሰለቱ የሚሄድበት ጠፍጣፋ ብረት ጠርዙ ተበልቷል። ይህን ብረት በየጊዜው መገልበጥ ዕድሜውን ያረዝማል።

ጥያቄ፦ ቤንዚንና ዘይት ስንት በስንት? ለሰንሰለቱስ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይሆናል?

አምራቹ ሌላ ካላለ 50 ለ 1፤ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር የባለሁለት ምት ሞተር ዘይት ማለት ነው። ከአንድ ወር በላይ የቆየ ድብልቅ አይጠቀሙ። የተቃጠለ ዘይት ግን አይሆንም። የብረት ብናኝ ተሸክሟል፣ ቆዳን ይጎዳል፣ ከሰንሰለቱም ቶሎ ተወርውሮ ይጠፋል። ዘይቱ መድረሱን ለማወቅ የመጋዙን ጫፍ ሳያስነኩ ወደ ንጹሕ ገጽ አቅርበው ሞተሩን ያስጩሁ፤ ቀጭን የዘይት መስመር መታየት አለበት።

ጥያቄ፦ ጉልበት እንዲጨምር ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) መክፈት እፈልጋለሁ። ምን ትመክረኛለህ?

ይሠራል፤ አልዋሽዎትም። የተቃጠለው ጋዝ መውጫው ሲሰፋ ሞተሩ በደንብ ይተነፍሳል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ አየር ሲገባ የአየርና የቤንዚኑ ድብልቅ ይሳሳል። የዚህ ሞተር ፒስተን የሚለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር በሚመጣው ዘይት ስለሆነ፣ ነዳጅ ሲያንስ ሙቀት ይጨምራል፣ ዘይት ይቀንሳል። ፒስተኑ በጭስ መውጫው በኩል መፋቅ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ተጣብቆ ይቆማል። ስለዚህ ማርሚታ የከፈተ ሰው ነዳጁ እንዲጨምር ቤንዚንና አየር የሚያዋህደውን የካርቡራተሩን የከፍተኛ ፍጥነት ቡሎን የግድ ያላላል። ልኩን በጆሮ ማወቅ ይቻላል፦ ያለ እንጨት ሙሉ ነዳጅ ሲሰጡት ድምፁ ትንሽ ይንተባተባል፣ እንጨት ሲነካ ይጠራል። በባዶው ጥርት ብሎ የሚያፏጭ ከሆነ ያጥፉት።

የሽቲል ኤም-ትሮኒክና የሁስክቫርና አውቶቱን የተባሉት የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያዎች ድብልቁን ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ ግን እስከ ወሰናቸው ድረስ ብቻ። የእሳት ፍንጣሪ መያዣ ወንፊቱን በፍጹም አያውጡ፤ ደረቅ ሣር ላይ ነው የሚሠሩት። ድምፁም ሳይነኩት ከ100 ዴሲቤል በላይ ነው። ማርሚታ እንክፈት ብለው መጋዝ ለሚያመጡልኝ ሰዎች መጀመሪያ ሰንሰለቱን ስልላቸዋለሁ፤ ብዙዎቹ ማርሚታውን ሳያነሡ ይመለሳሉ።

ጥያቄ፦ ነዳጅ ሳልሰጠው ሰንሰለቱ ይዞራል።

ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው የሚዞርበትን ፍጥነት የሚወስነውን የሚኒሞውን ቡሎን ይቀንሱ። አሁንም ከዞረ የፍሪሲዮኑ ሞላ ተሰብሯል ወይም ላልቷል። እስኪጠገን አይሥሩበት።

ጥያቄ፦ ዛፉ ወዳላሰብኩት ዞሮ ወደቀ። ምን አጠፋሁ?

ሳላይ መፍረድ ይከብደኛል፤ የማየው አብዛኛው ጥፋት ግን ከኋላ የሚቆረጠውን ዛፉ በሚወድቅበት በኩል እስካለው ፊተኛው ቁርጥ ማድረስ ነው። በሁለቱ መካከል ከግንዱ ውፍረት አንድ አሥረኛ ያህል ሳይቆረጥ መቅረት አለበት፤ ዛፉን የሚመራው ያ ቅሬታ ነው። እርሱን የበጠሰ ሰው ዛፉን ለነፋስ አስረክቧል። ከመጀመርዎ በፊት ከሚወድቅበት በተቃራኒ፣ ሰያፍ ወደ ኋላ የሚሸሹበትን መንገድ ያጽዱ። ሌላ ሰው ከዛፉ ቁመት ሁለት እጥፍ ርቆ ይቁም። ሌላ ዛፍ ላይ ተደግፎ ከቀረ ከሥሩ አይግቡ፤ የተደገፈበትንም አይቁረጡ።

በመጋዙ ጫፍ የላይኛው ሩብ ምንም አይንኩ። ሰንሰለቱ እዚያ ሲነክስ መጋዙ ወደ ፊትዎ ይዘላል፤ ከእጅ ፍሬኑም ሊቀድም ይችላል።

ጥያቄ፦ ለወራት ላስቀምጠው ብፈልግስ?

ታንኩን ያራግፉ፣ ከዚያ አስነሥተው ራሱ እስኪጠፋ ይተዉት፤ ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረ ቤንዚን ሙጫ ይሆናል። የአየር ማጣሪያውን ያጽዱ፣ ሰንሰለቱንም ያላሉ።