ጥያቄና መልስ፦ ለኮድ ሪቪው ጥናት ዴቨሎፐር እንዴት ይመለመላል?

ሪቪው የሚያደርጉ (ሌላ ሰው የጻፈውን ኮድ የሚገመግሙ) ዴቨሎፐሮች የአንድን የኮድ ለውጥ ሪስክ እንዴት እንደሚመዝኑ ለምታጠኑ።

ጥያቄ፦ ጥሪው ላይ «የሴኩሪቲ ጥናት» ብዬ ብጽፍ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፤ ውጤቱን ከጅምሩ ያበላሸዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 በጀርመን ቦን ዩኒቨርሲቲ 20 የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች የፓስወርድ ማስቀመጫ እንዲሠሩ ተደረገ። ግማሾቹ ደኅንነቱን እንዲጠብቁ ተነገራቸው፣ ግማሾቹ አልተነገራቸውም። ካልተነገራቸው ውስጥ ፓስወርዱን በአስተማማኝ መንገድ ያስቀመጠ አንድም አልነበረም። ማለት ስለ ደኅንነት የተነገረው ሰው እንደ ወትሮው አይሠራም፤ ስለዚህ «የኮድ ሪቪው ልማድ» ብላችሁ ሰዎችን ጥሩ። ሥራው ሲያልቅ እውነተኛውን ዓላማ ንገሯቸው፤ መልሴ ይሰረዝልኝ ላለ ሰርዙለት። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ይህን አስቀድሞ ይፍቀድ።

ጥያቄ፦ ተማሪ ይበቃል?

መልስ፦ ለፓይለት (ለሙከራ ዙሩ) አዎ። ለዋናው ግን ሪቪው ሠርቶ የማያውቅ ሰው ስህተት ይለቅማል እንጂ ሪስክ አይመዝንም።

ጥያቄ፦ ኮድ መቻላቸውን በምን ልወቅ?

መልስ፦ «ፕሮግራም ትጽፋለህ?» አትበሉ፤ ክፍያ ካለ ሁሉም አዎ ይላል። «ቢያንስ 3 ዓመት ልምድ» ብላችሁ ካወጃችሁም ሁሉም 3 ዓመት ይኖረዋል፤ መስፈርታችሁን ለራሳችሁ ያዙት። አጭር ኮድ አሳዩ፦ ዝርዝሩ 3፣ 8፣ 5 ነው፤ ሉፑ ከኢንዴክስ (ከቦታ ቁጥር) 1 ጀምሮ እስከ መጨረሻው ይደምራል፤ ምን ያትማል? የሚያውቅ 13 ይላል፤ ኢንዴክስ ከ0 እንደሚቆጠር የማያውቅ 16 ይላል። 30 ሰከንድ ስጡ፤ ጊዜው ከረዘመ ለኤአይ ጠይቆ ይመለሳል። ቀጥሎ ባዶ ሳጥን፦ «መጨረሻ ያየኸው ፑል ሪኩዌስት ላይ ምን አስተያየት ሰጠህ?» (ፑል ሪኩዌስት ማለት ይቀላቀል ተብሎ የቀረበ የኮድ ለውጥ ነው።) የሠራ ሰው ስለ አንድ የተለየ ነገር ይጽፋል፤ ያልሠራው «ኮዱ ጥራት እንዲኖረው» ይላል።

ጥያቄ፦ ኢሜይል ከጊትሃብ (ዴቨሎፐሮች ኮድ ከሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ) ለቅሜ ብልክስ?

መልስ፦ አትላኩ። የተለቀመ አድራሻ ላይ ያልተጠየቀ ጅምላ መልእክት መላክን የጊትሃብ ደንብ ይከለክላል። እኛም አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ።

ከቡድኑ አንድ አባል፦ ግን እኮ ባለቤቱ ራሱ ይፋ ያደረገው አድራሻ ነው!

ሌላ አባል፦ ይፋ መሆኑ ፈቃድ አይሆንም። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሳያስፈቅዱ ሆን ብለው ስህተት ያለበት ፓች (የኮድ ማስተካከያ) ለሊኑክስ ልከው ሪቪው አድራጊዎቹን ፈተኑ። በኤፕሪል 2021 ከሊኑክስ ኮድ ኃላፊዎች አንዱ የሆነው ግሬግ ክሮዋ ሃርትማን ከዩኒቨርሲቲው የሚመጣ ፓች አንቀበልም አለ፤ የጥናቱ ጽሑፍም ሊቀርብበት ከነበረው ጉባኤ ተነሣ።

የመጀመሪያው አባል፦ እሱ ማታለል ነው፤ እኔ የምለው ኢሜይል ስለ መላክ ነው።

መልስ፦ በሁለቱም ሰውየው አልተጠየቀም። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ጥያቄ፦ ስንት ሰው ይበቃል?

መልስ፦ ስንት ቡድን? ምን ያህል ልዩነት ነው የምትፈልጉት? ይህን ሳትነግሩኝ ቁጥር አልሰጥም።

ጥያቄ፦ የሚታየው ኮድ ምን ይሁን?

መልስ፦ በአንድ ቁጭታ ከ400 መስመር አይብለጥ፤ ከ60 ደቂቃ በላይ ዓይን ይደክማል። ታዋቂ ባግ (የኮድ ስህተት) አታስገቡ። ለምሳሌ የአፕልን የእ.ኤ.አ. 2014 ስህተት ውሰዱ፦ «ጎቱ ፌይል» (ወደ መውጫው ዝለል) የሚል መስመር ሁለት ጊዜ ተጽፎ፣ ሁለተኛው ከኢፉ (ከቅድመ ሁኔታው) ውጪ ስለነበር የፊርማው ማረጋገጫ ተዘለለ። ይህን የሰማ ሰው መርምሮ ሳይሆን አስታውሶ ያገኘዋል። የለውጦቹንም ቅደም ተከተል ለየሰዉ አዟዙሩ። ከሁሉ በላይ «ሪስኩ ከ1 እስከ 5 ስንት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። አንዱ «ይበላሻል ወይ» ብሎ ይመልሳል፣ ሌላው «ቢበላሽ ምን ያህል ይጎዳል» ብሎ፤ ሁለቱም 4 ቢሉ ደምራችሁ ምንም አታገኙም። ሁለት ጥያቄ አድርጓቸው።

ጥያቄ፦ ጥሪው ላይ «ቫልነራቢሊቲ» (የደኅንነት ክፍተት) ማለትስ ይቻላል?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ እኮ! ሴኩሪቲ፣ ቫልነራቢሊቲ፣ ባግ፣ ሪስክ፤ አንዱም ጥሪው ላይ አይግባ።

ጥያቄ፦ ክፍያው በቴሌብር ይሁን?

መልስ፦ ይሁን። ማጣሪያውን ላላለፈውም ለደቂቃዎቹ ክፈሉት። ስልክ ቁጥሩን ከመልሶቹ ፋይል ለይታችሁ ያዙ፤ ከከፈላችሁ በኋላ ሰርዙት።