ስኳሩን ከአባታችን ስንደብቅ፣ አባታችን ጾማቸውን ደበቁን

ውድ እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። እናትሽ ስኳር እንዳለባቸው ከታወቀ አንድ ዓመት እንዳለፈ፣ በአንቺ ፊት ጎመን ቀማምሰው ከማዕድ እንደሚነሡና አንቺ ሥራ ስትሄጂ ግን ዳቦ በስኳር ሻይ እንደሚበሉ፣ ስትናገሪያቸው እንደሚያኮርፉ፣ ወንድምሽም «እባክሽ አታስጨንቂያቸው፤ ያማራቸውን ይብሉ» እያለ እንደሚሞግትሽ ጽፈሻል። በመጨረሻም «ከዚህ በላይ እንዴት ልቆጣጠራቸው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከወላጆቼ ጋር የምኖር፣ አባቴን ስድስት ዓመት ያስታመምሁ ልጅ ነኝ። የምጽፍልሽም «ልቆጣጠራቸው» ስላልሽው ነገር ነው፤ እኛ ቤት አባቴን ለሞት ያቀረባቸው ቁጥጥሩ ነበርና።

አባቴ ስኳር እንዳለባቸው የታወቀው በ2012 ዓ.ም. ነው። ውኃ አልጠግብ ብለው፣ ሌሊት አራትና አምስት ጊዜ ለሽንት እየተነሡ፣ ሱሪያቸው ከወገባቸው ሲወርድ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው፤ በባዶ ሆድ የተለካው 268 ሆነ። መጀመሪያ ሜትፎርሚን፣ ቆይቶም ግሊቤንክላማይድ የሚባሉ የስኳር ኪኒኖች ታዘዙላቸው። እኛም ልጆቹ በፍርሃት ተነሣንና ሥራ ተከፋፈልን፦ እናቴ ማድ ቤቱን፣ እኔ ኪኒኑን፣ ወንድሜ ደግሞ ከሚሠራበት አገር በስልክ ተግሣጹን ያዘ። የስኳሩን ጣሳ እኔ ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፍሁበትና ቁልፉን በቦርሳዬ ይዤ እወጣ ጀመር። ያን ጊዜ ትልቅ ጀግንነት መስሎኝ ነበር።

ለጥቂት ወራትም የተሳካልን መሰለ። በቀጠሮ ቀን የሚለካው 125፣ 130 እየሆነ እኛም እየተደሰትን ስንመለስ፣ አንድ ቀን ሐኪሙ የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየውን ምርመራ አዘዘ፤ ውጤቱም 9.6 ከመቶ፣ ማለትም ከሚፈለገው እጅግ ከፍ ብሎ መጣ። ይህ ምርመራ ባለፉት ሁለትና ሦስት ወራት በደም ውስጥ የነበረውን ስኳር ስለሚያሳይ፣ ለቀጠሮው ሲባል ሁለት ቀን በጎመን በማሳለፍ አይታለልም። አባቴ ለካ ቀጠሮው ሲደርስ ብቻ ነበር የሚጠነቀቁት፤ በሌላው ቀን ከታች ካለው ሻይ ቤት ቦንቦሊኖ ይበሉ ነበር። ቤት ስንገባ እኔና እናቴ ተራ በተራ ተናገርናቸው። አንድ ቃል ሳይመልሱ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ። እኔም ዝምታቸውን እንደ ጸጸት ቆጠርሁት።

በ2014 ዓ.ም. ሁዳዴ ሲገባ እንዳይጾሙ ከለከልናቸው። ሳንመክራቸው፣ የንስሐ አባታቸውንም ሳንጠይቅ፣ ወስነን ነገርናቸው። እርሳቸውም «እሺ» አሉ። እናቴ ጧት ቁርሳቸውን አቅርባላቸው ወደ ኪዳን ስትሄድ ቁርሱን በፌስታል ጠቅልለው ለጥበቃው ይሰጡት፣ ኪኒናቸውን ግን በታማኝነት ይውጡ ኖሯል። ግሊቤንክላማይድ ሰው በላም አልበላም ስኳርን ማውረዱን አይተውም፤ በዚያ ላይ ዕድሜ ሲገፋ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። አንድ ቀን ስምንት ሰዓት ገደማ እናቴ ደውላ «አባትሽ ዛሬ ክፉ ሆኑብኝ፤ ይቆጣሉ፤ ወንበሩን ገፍተው ጣሉት» አለችኝ። እኔም ስልኩን ለአባቴ እንድታቀብልልኝ ጠይቄ፣ በሕይወቴ የማልረሳውን ነገር አደረግሁ፤ ተከራከርኋቸው። አንደበታቸው እየተሳሰረ ሲመልሱልኝ ሆን ብለው የሚያበሽቁኝ መሰለኝ።

ቁጣ አልነበረም፤ ስኳራቸው ወርዶ ነው። እናቴ ግንባራቸው ላይ ያቸፈቸፈውን ላብ አይታ ስትደነግጥ፣ ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ነርስ ጎረቤታችን እግዜር ይስጣት ከነመለኪያዋ ሮጣ መጣች፤ ስትለካቸው 46 ሆነ። ከ70 በታች ከወረደ ቶሎ ስኳር መስጠት ያስፈልጋል። ነርሷም «ስኳር አምጡ» አለች። ቤታችን ውስጥ ስኳር የለም። ማር የለም፤ ለስላሳ የለም፤ እኔው ነኝ ያስወጣሁት፤ ጣሳው ያለው ቁምሳጥን ውስጥ፣ ቁልፉ ያለው ቃሊቲ፣ ሥራ ቦታዬ፣ እኔ ቦርሳ ውስጥ። እናቴ በነጠላ ጫማ አራት ፎቅ ወርዳ ከሱቅ ስኳር ይዛ እስክትመለስ ነርሷ ከቤቷ ልጇን ልካ አስመጣች። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጣ በጥቂት በጥቂቱ አጠጣቻቸው፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግማ ለካች፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል እንጀራ እንዲበሉ አደረገች፤ ከዚያም መድኃኒቱ ቆይቶ መልሶ ሊያወርድባቸው ስለሚችል በዚያው ቀን ሕክምና እንዲያገኙ ይዛቸው ሄደች። በነገራችን ላይ፣ ሰውየው ራሱን ስቶ መዋጥ የማይችል ከሆነ በአፉ ምንም ነገር መጨመር አይገባም፤ ትን ይለዋል፤ ወዲያው ወደ ሕክምና መውሰድ ብቻ ነው።

ማታ እግራቸው ሥር ተቀምጬ ይቅርታ ስጠይቃቸው የመለሱልኝን ልንገርሽ። «ድሮ ከሥራ ስትገቢ ደኅና ዋሉ ትይኝ ነበር፤ አሁን በሩን ሳትዘጊ ስንት ሆነ ነው የምትይኝ» አሉኝ። ስለ ጾሙ፣ ስለ ቦንቦሊኖው፣ ስለ ቁልፉ ምንም አላሉም። ለእናትሽ መልስ ከመፈለግሽ በፊት አንቺም ቤት ስትገቢ መጀመሪያ የምትናገሪው ቃል ምን እንደሆነ እንድታስተውዪ የምለምንሽ ከዚህ የተነሣ ነው።

ከዚያ በኋላ የለወጥነው ብዙ አይደለም፤ ግን ቀላልም አልነበረም። የመጀመሪያው ማዕዱ ነው። «የአባባ ምግብ» የሚባለውን ተውነውና ሁላችንም አንድ ዓይነት መብላት ጀመርን፤ እንጀራው አነስ፣ ጎመኑና ምስሩ በዛ ይላል፤ ሻይ የምንጠጣው ሁላችንም ያለ ስኳር ነው። እውነቱን ለመናገር ለእኔ ከአባቴ ይልቅ ከብዶኝ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ራሴን አመመኝ። ጤፍ ስኳር አያወጣም፣ በሶና ቆሎ እንደ ልብ ይበላል የሚለውን ወሬም ተውነው፤ መለኪያው ከበሉ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲለኩ የሚያሳየው ሌላ ነው። የስኳር ጣሳውም ወደ መደርደሪያው ተመለሰ፤ እስካሁን እዚያው አለ።

ሁለተኛው ስለ ቁጥሩ ነው። መለኪያውን ለአባቴ ሰጠናቸው፤ ዓይናቸው ስለደከመ የእህቴ የአሥር ዓመት ልጅ ታነብላቸዋለች፤ በደብተር የሚጽፉት ግን ራሳቸው ናቸው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ማንም ፊቱን እንዳያጠቁር ተስማምተን ነበር፤ እናቴ ግን ፊቷን መግዛት አቅቷት ጥቂት ወራት ወስዶባታል። አንድ ቀን 240 ሆኖ ሁላችንም ዝም ስንል፣ አባቴ ራሳቸው «ለቅሶ ቤት በሞቴ ሲሉኝ ሦስት ጉርሻ በልቻለሁ» ብለው ተናገሩ። በሁለት ዓመት ውስጥ የበሉትን ሳይጠየቁ ሲነግሩን ያ የመጀመሪያው ነበር። ደም የሚነካበት የመለኪያው ስትሪፕ ውድ ስለሆነ በየቀኑ አንለካም፤ በየትኞቹ ቀናትና ሰዓታት እንደሚለኩ ከሐኪማቸው ጋር ተመካክረው ወስነዋል።

ጾሙን በተመለከተ የንስሐ አባታቸውን ቤት ጠርተን፣ ነርሷም ባለችበት፣ አባቴ ራሳቸው እንዲጠይቁ አደረግን። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው እንዲጾም አታስገድድም፤ ይህን እኔ ብዙ ጊዜ ተናግሬዋለሁ፤ ከእኔ አፍ ሲሰሙት ግን መናቅ ነበር የመሰላቸው። የንስሐ አባታቸው ግን ሰዓት ሳይጠብቁ እንዲበሉ፣ ከጥሉላት ግን እንዲከለከሉ ፈቀዱላቸው፤ መድኃኒቱንም ከጸበሉ ጋር አንድ ላይ እንዲወስዱ አዘዟቸው። ሐኪሙም ቀደም ብሎ ስለተነገረው ግሊቤንክላማይዱን ለወጠላቸው። የእናትሽን መድኃኒት ዓይነትና ሰዓት አንቺ እንዳትቀያይሪ ግን አደራ።

አሁንም የሚያሳፍረኝ ሌላ ጥፋት አለ። አባቴ እንቢ ባሉ ቁጥር «እንዲህ ከሆኑ መርፌ ነው የሚጀምሩልዎ» እያልን እናስፈራራቸው ነበር። በ2016 ዓ.ም. ኪኒኑ አልበቃ ብሎ ሐኪሙ ኢንሱሊን ሲያዝላቸው ስድስት ወር እምቢ አሉ፤ መርፌውን ቅጣት፣ የመጨረሻም ምልክት አድርገን የሳልንባቸው እኛው ነበርን። ኢንሱሊን ግን ቆሽት ማመንጨት ሲያቅተው ከውጭ የሚተካ ነገር ነው፤ በ1922 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ከመሰጠቱ በፊት ዓይነት አንድ ስኳር፣ ማለትም ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨት የሚያቆምበት ዓይነት፣ የያዛቸው ልጆች ብዙም አይቆዩም ነበር። በመጨረሻ ያሳመናቸው በዕድራቸው የሚያውቋቸው አንድ ሰው ናቸው፤ ከዕድሩ ስብሰባ በኋላ ሸሚዛቸውን ገልጠው ስምንት ዓመት የወጉትን ሆድ አሳዩዋቸው። አሁን ጧት ጧት እናቴ ብልቃጡን በመዳፎቿ መካከል በቀስታ ታንከባልላለች፣ አባቴ ይወጋሉ። ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፤ በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን አይገባም፤ በረዶ ከሠራ ይበላሻል። የተከፈተው ፀሐይ ከማያገኘው ቦታ ለአራት ሳምንት ያህል ይቆያል።

ሕመሙ ለማን ይነገር የሚለውም አለ። እኔ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግሬ ነበር፤ አባቴ ይህን ሲሰሙ እንደ ሐሜት ቆጠሩት። አሁን ስለ ሕመማቸው የምንነግረው እርሳቸው ለመረጧቸው ሦስት ሰዎች ብቻ ነው፤ ላብ ላብ ካላቸው፣ ከተንቀጠቀጡ ወይም ያለ ጠባያቸው ከተቆጡ ምን እንደሚደረግ ተነግሯቸዋል።

ከሁሉ ይልቅ የጠቀመን ግን ያላሰብነው ነገር ነው። ስኳር የእግርን ስሜት ስለሚቀንስ እግራቸው በየቀኑ እንዲታይ ታዘዘ። እናቴም እንደ ድሮው ማታ ማታ እግራቸውን ማጠብ ጀመረች፤ እርሳቸው ሙቀቱን በደንብ ስለማይለዩ ውኃው ለብ ማለቱን በክርኗ ትለካለች፣ በጣቶቻቸው መካከል ቁስል እንዳይኖር ታያለች፣ በደረቅ ጨርቅ ታብሳለች። ያን ጊዜ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል። አባቴ ስለ ዓይናቸው የነገሩንም፣ የበሉትን የሚናገሩትም፣ «ለልጆቼ ሸክም ሆንሁ» ብለው ያለቀሱትም በዚያች ሰዓት ነው።

ወንድምሽን በተመለከተ፣ «ያማራቸውን ይብሉ» የሚለው ግድ ስለሌለው ላይሆን ይችላል፤ የእኔም ወንድም በኋላ እንደነገረኝ፣ ተግሣጹን ትቶ ይህን ማለት የጀመረው የእኛን ጩኸት በስልክ መስማት ስለሰለቸው ነው። አሁን ስትሪፑን እርሱ ይገዛል፤ እሑድ እሑድ ሲደውልም ስለ ኳስ ያወራሉ። አንቺም በዚህ ሳምንት የተደበቀ ስኳር ካለ አውጥተሽ እናትሽ በሚያውቁት ቦታ አስቀምጪው፤ ከዚያም ጾማቸውን፣ ኪኒናቸውንና የሚፈሩትን ነገር ጠይቂያቸውና ሳታቋርጪ ስሚ። የሚወስዱትን መድኃኒት ስም ከጻፍሽልን እዚሁ ያሉ ነርሶችም ምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው ሊያስረዱሽ ይችላሉ።