በአዙሚኖ መንገድ ዳር ስላሉት ድንጋዮች

ጠያቂዋ እኅታችን በቅርቡ በጃፓን ወዳለችው አዙሚኖ ከተማ ተዛውረው በሩዝ ማሳ ዳር ሦስት ድንጋዮች ጎን ለጎን ቆመው ማየታቸውን ጽፈዋል። በአንዱ ላይ ወንድና ሴት እጅ ለእጅ ተያይዘዋል፣ በሁለተኛው ሦስት ጦጣዎች ተቀርጸዋል፣ ሦስተኛው ደግሞ ከቁጥር የሚጀምር ጽሑፍ ብቻ አለበት። መቃብር ይሆኑ እንደሆነ፣ ፎቶ ማንሳትም ነውር እንዳይሆን ጠይቀዋል። መቃብር አይደሉም፤ ፎቶ ማንሳትም ነውር የለበትም። በጎረቤት ከተማ በማጹሞቶ ስምንት ዓመት ስኖር በእረፍት ቀኔ በብስክሌት እየዞርሁ እነዚህን ድንጋዮች ስመለከት ቆይቻለሁና የተማርሁትን እጽፍልዎታለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥንዶቹ «ዶሶጂን» ይባላሉ። የመንገድና የመንደር ወሰን ጠባቂ ናቸው፤ ወረርሽኝም ሆነ ክፉ መንፈስ የሚገባው በመንገድ ነው ተብሎ ስለሚታመን መንደሩ በሚያልቅበት ወይም መንገዶች በሚገናኙበት ቦታ ይተከሉ ነበር። ባልና ሚስት በመሆናቸውም ትዳር፣ ልጅና መልካም አዝመራ ይለመንባቸዋል። በአዙሚኖ ብቻ ወደ 400 የሚጠጉ አሉ። እንደ እርስዎ ድንጋይ እጅ ለእጅ የተያያዙ አሉ፤ ሴቲቱ ማንቆርቆሪያ፣ ወንዱ የሳኬ (የሩዝ መጠጥ) ጽዋ የያዙም አሉ፤ በአንዳንድ ሰፈር ደግሞ በደማቅ ቀለም ይቀባሉ። እኔን ከሁሉ የሳበኝ ግን በአንዳንዶቹ ላይ የተቀረጸው «የመቀነት ዋጋ ይህን ያህል ሪዮ» የሚል ጽሑፍ ነው። ሪዮ የቀድሞው የጃፓን የወርቅ ገንዘብ ነው። በቀድሞው ዘመን አንዱ መንደር የሌላውን ዶሶጂን በሌሊት ሰርቆ ወደ ራሱ ይወስድ ነበር፤ ድርጊቱም እንደ ሌብነት ሳይሆን ሙሽራ እንደ መውሰድ ይታይ ስለነበር ባለቤቶቹ የሚወስዳት ሰው ሊከፍል የሚገባውን አስቀድመው በድንጋዩ ላይ ያስቀርጹ ነበር። ለዚህ ከ«ጥሎሽ» የተሻለ የአማርኛ ቃል አላገኘሁለትም።

ባለ ጦጣው የ«ኮሺን» ድንጋይ ነው። ኮሺን ቀንና ዓመት በ60 እየዞረ በሚቆጠርበት በድሮው አቆጣጠር የአንዱ ቀንና የአንዱ ዓመት ስም ነው። በሰው አካል ውስጥ ሦስት ትሎች ይኖራሉ፤ በየ60 ቀኑ በሚመጣው የኮሺን ሌሊት ሰውዬው ሲተኛ ወጥተው ኃጢአቱን ለሰማዩ ንጉሥ ይነግሩበታል፤ ዕድሜውም ያጥራል ተብሎ ይታመን ነበር። መፍትሔው አለመተኛት ነው። ስለዚህ ጎረቤታሞች እንደ ጽዋ ማኅበር ተራ ገብተው በአንዱ ቤት እየተሰበሰቡ፣ እየበሉና እየተጨዋወቱ ያነጉ ነበር። ሦስት ዓመት፣ ማለትም 18 ሌሊት፣ በተከታታይ ከጸኑ በኋላ ድንጋይ ማቆም የተለመደ ነበር። ጦጣዎቹ አላይም፣ አልሰማም፣ አልናገርም የሚሉት ናቸው፤ በጃፓንኛ የአሉታ መድረሻ የሆነው «ዛሩ» ጦጣ ከሚባልበት «ሳሩ» ጋር ስለሚመሳሰል የቃላት ጨዋታ አለበት። የኮሺን ዓመት ራሱ በ60 ዓመት አንድ ጊዜ ስለሚመጣ ብዙዎቹ ድንጋዮች በ1800 እና በ1860 የቆሙ ናቸው፤ በ1920ና በ1980 የቆሙም አሉ።

ሦስተኛው፣ ከቁጥር የሚጀምር ነው ስላሉ፣ የ«23ኛው ሌሊት» ድንጋይ ይመስለኛል። እኔ መጀመሪያ ባየሁት ጊዜ የመንገድ ቁጥር መስሎኝ ቁጥሩን ከካርታ ላይ ስፈልግ ነበር። በኋላ ለክረምት የሚቀመጥ ጎመን ሲያጥቡ ያገኘኋቸው አንዲት አዛውንት ስቀው ነገሩኝ፦ በጨረቃ አቆጣጠር በ23ኛው ሌሊት ጨረቃ የምትወጣው እኩለ ሌሊት ገደማ ነው፤ አያታቸውና የሰፈሩ ሰዎች እስክትወጣ ድረስ አብረው ይጠብቁና ይጸልዩ ነበር።

ወደ ሰሜን፣ በባሕር ዳር ካለችው ከኢቶይጋዋ ወደ ማጹሞቶ ጨው ይመጣበት በነበረው 120 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም አሮጌ መንገድ ከሄዱ፣ ከግንባሩ በላይ የፈረስ ራስ ያለው ትንሽ ምስል በዳገቱ ላይ ያገኛሉ። «ባቶ ካኖን» የሚባል የቡድሃ እምነት ምስል ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚቆመው በመንገድ ለወደቀ አጋሰስ መታሰቢያ ነው። ቀይ ጨርቅ አንገቱ ላይ የታሰረለት ደግሞ የሕፃናትና የመንገደኞች ጠባቂ የሚባለው ጂዞ ነው፤ እሱም የቡድሃ እምነት ምስል ነው። ከ1868 በኋላ በማጹሞቶ ግዛት በቡድሃ እምነት ላይ የተነሣው ዘመቻ እጅግ የከፋ ስለነበር ብዙ ቤተ መቅደሶች ተዘግተዋል፣ ምስሎችም ተሰባብረዋል። አንገቱ ተቆርጦ የተቀጠለ ጂዞ ካዩ ይህንንም ያስቡ፤ ሆኖም ውርጭና የመሬት መንቀጥቀጥም ድንጋይ ይሰብራሉ።

አንድ ስሕተት እንዳይሠሩ ላሳስብዎት። የእርስዎ ሦስቱ ጎን ለጎን መሆናቸው ከመጀመሪያው አብረው ቆመው ነበር ማለት አይደለም፤ መንገድ ሲሰፋ ወይም ማሳ ሲስተካከል ድንጋዮቹን ወደ አንድ ጥግ መሰብሰብ የተለመደ ነው። ስለዚህ የድሮው የመንደር ወሰን እዚያ ነበር ብለው አይደምድሙ።

ፎቶ ሲያነሡም ፊቱን ብቻ አንሥተው አይሂዱ። የፊቱ ምስል ከመንደር መንደር ብዙ አይለያይም፤ ማን መቼ እንዳቆመው የሚናገሩት ጎኑና ጀርባው ናቸው። በዚያ የዘመኑ ስምና ቁጥር ይገኛል፤ ለምሳሌ ካንሴይ 12፣ ማለትም ካንሴይ የተባለው ዘመን 12ኛ ዓመት፣ 1800 ነው። አጠገቡም «የማኅበሩ አባላት» ወይም «መላው መንደር» የሚል ይኖራል። ፊደሉ ካልታየዎት በጠመኔ አያድምቁት፣ የድንጋዩንም ሽበት አይፋቁ፤ ማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይመለሱ፣ አለዚያም ከጎን በባትሪ ያብሩበት፣ ጥላው ፊደሉን ያወጣዋል። ድንጋዩ በሰው ግቢ ውስጥ ከሆነ ባለቤቱን ያስፈቅዱ። የሦስቱን ጎንና ጀርባ አንሥተው እዚህ ቢለጥፉልን የዘመኑን ስም አብረን እናነባለን።